ላም የተባለች ውሃ

በዚያ አገር በደል ያለ በር አይሰማም ነበር። ሰው ተበደልሁ ብሎ ቢጮኽ፣ ደረቱን ቢደቃ፣ «በሕግ አምላክ!» እያለ አደባባይ ላይ ቢንበረከክ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየትኛው በር?» ተብሎ ነው። የፍርድ አዳራሹ ረጅም ነው፤ ጎኑ ሁሉ በር ነው። የተሰረቀች ላም በር አለ። የፈረሰ አጥር በር አለ። የተሰበረ አጥንት በር፣ የታጠፈ ቃል በር፣ የተቃጠለ ክምር በር፣ የጠፋች ገረድ በር አለ። በደሉ ለአንዱ በር ልክ የሆነለት ይገባል። ልክ ያልሆነለት በደሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ተሸክመው የተመለሱ ሰዎች መንገድ ላይ በአካሄዳቸው ይታወቃሉ ይባላል፤ አንደኛው ትከሻቸው ዝቅ ይላል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አባቶች ሲያወሩ፣ በጥንት ዘመን የሚፈርደው ወንዝ ነበር። ተከሳሹን እጅ እግሩን አስረው ወንዝ ውስጥ ይጥሉታል። ከተንሳፈፈ ጥፋተኛ ነው፤ ከሰመጠ ውሃው ተቀብሎታልና ንጹሕ ነው። ንጹሑን ቶሎ ካወጡት ይተርፋል፤ ካላወጡትም በንጽሕናው ይቀበራል። ቆይቶ ካህናቱ «ከእንግዲህ ወንዙን ለዚህ ሥራ አንባርክም» አሉና ወንዙ ዳኝነቱን ለቀቀ።

ከዚያ ከባሕር ማዶ ባዕድ ንጉሥ መጣ። አገሩን በሰይፍ ያዘ፤ ግን እያንዳንዱ መንደር የየራሱ ልማድ እንዳለው ባየ ጊዜ ራሱን አመመው። ዳኞችን በበቅሎ አስቀምጦ በየአውራጃው አዞራቸው። ዳኞቹ የአንዱን መንደር ልማድ ከሌላው እያዳቀሉ፣ ማታ በየማደሪያቸው እራት ላይ እየተጫወቱ፣ ለአገሩ ሁሉ አንድ ልማድ አበጁ። «ሕጉን እኛ አላወጣነውም፤ የነበረውን አገኘነው እንጂ» ይሉ ነበር። የፈረዱትንም የሚይዙላቸው አስታዋሾች ሾሙ። አስታዋሾቹ አይጽፉም፤ በአዳራሹ ግድግዳ ሥር በረድፍ ተቀምጠው ያስታውሳሉ። ትናንት የተፈረደው ዛሬም ይፈረዳል፤ ዛሬ የተፈረደው ነገም ይፈረዳል። በሮቹም የተሠሩት ያኔ ነው፤ ንጉሡ ሊሰማው ለፈቀደው ለእያንዳንዱ የበደል ዓይነት አንድ በር።

ከብዙ ትውልድ በኋላ በዘመኑ ንጉሥ የተማረሩ ሰዎች መርከብ ተሳፍረው አዲስ አገር ለማቅናት ሄዱ። ሲሄዱ በሮቹን በአዲስ ለመሥራት ልካቸውን ወስደው ሳይሆን፣ በሮቹን ራሳቸውን ነቅለው ጭነው ሄዱ። ንጉሡ ባሕር ተሻግሮ ልግዛችሁ ቢላቸው ተዋጉት፤ አሸነፉትም። ምስሉን ከየበሩ ላይ ፍቀው ጣሉ። በአዳራሹ ግንባር ላይ «ሰው ሁሉ እዚህ እኩል ይገባል» ብለው በትልልቅ ፊደል ድንጋይ ላይ ቀረጹ። በሮቹን ግን አልነኩም። አባት የሌለው በር አይከፈትም አሉ።

ይህ ነገር የሆነው በዚህ በሁለተኛው አገር ነው።

ከከተማው በስተላይ ወለላ የምትባል ሴት ነበረች። ከአባቷ የወረሰችውን የነጭ ሽንኩርትና የጌሾ መደብ ብቻዋን ታለማለች። መቀመጥ አይሆንላትም፤ ስትበላ እንኳ ቆማ ነው። መደቧን የሚያጠጣው ከኮረብታው የሚወርድ ትንሽ ጅረት ነው። አንድ ጠዋት ስትወጣ ጅረቱ የለም። ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ቀርተዋል፤ ትንንሽ ዓሦች ጭቃው ላይ ይፈራገጣሉ። በሕግ አምላክ ሲሉት ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል፤ የወለላ ውሃ ግን ሕግን የጠራ ሰው ሳይኖር ቆመ።

የደረቀውን መንገድ ተከትላ ሽቅብ ወጣች። ከላይ የሚኖረው ባለጸጋው ጓንጉል ቦይ አስቆፍሮ ጅረቱን ወደ ግቢው አዙሮታል። በቤቱ ፊት ሰፊ ኩሬ ተኝቷል፤ አዲሱ ቤቱም እስከ ጣሪያው ኩሬው ውስጥ ይታያል። ጓንጉል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም ቤቶቹን እያፈራረቀ ያያል።

«አያ ጓንጉል፣ ውሃዬን ምን አደረግኸው?»

«ምን አደረግሁት? አሳረፍሁት እንጂ። ዕድሜ ልኩን ሲሮጥ ኖረ፤ አሁን ቁጭ ብሎ ቤቴን ይይልኝ።»

«ጌሾዬ ሊደርቅ ነው!»

«አልቅሺበት። እንባም ውሃ ነው።»

አሽከሮቹ ሳቁ። ወለላ ደሟ ፈላ። «እከስሃለሁ!»

«ክሰሺኝ፤ የከለከለሽ አለ?» አለ ጓንጉል። ከዚያ ከወገቡ ቀና ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ «በየትኛው በር?» ብሎ ጠየቃት።

ያ ጥያቄ እስከ ከተማ ድረስ ተከትሏት ወረደ። እየሄደች በሮቹን አንድ በአንድ በሐሳቧ ትለካለች። አጥሬ አልፈረሰም። አጥንቴ አልተሰበረም። ቃል የገባልኝ ሰው የለም። አዳራሹ ጋ ስትደርስ ልቧ እንደ ደከመ በቅሎ እየተንገታገተ ነበር።

የበሩ አጋፋሪ ቀይ መቀነት የታጠቀ ወፍራም ሰው ነው። «የትኛው በር?» አላት ቀና ሳይል።

«ውሃ ተወሰደብኝ።»

«የውሃ በር የለም።»

«ታዲያ ይሠራ!»

አጋፋሪው ታቦት ላይ የተፋች ይመስል አያት። «እመቤት፣ አዲስ በር ተሠራ ማለት እኮ፣ አባቶቻችን የረሱት ነገር ነበር ማለት ነው።»

«ረስተው ቢሆንስ?»

«ቀጥሎ ያለው ይምጣ!» አለ አጋፋሪው፤ በትሩንም መሬት ላይ መታ።

በአዳራሹ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በምታርፍበት በኩል፣ ነገረ ፈጆች መፋቂያ ጎርሰው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው ጥላዬ የተባለው፣ ቀጭንና ዓይነ ፈጣን የሆነው፣ ጠቀሳት። ከአጋፋሪው ጋር የተነጋገረችውን ሰምቷል።

«ውሃሽ ስትሄድ ድምፅ አላት?» አላት።

«አላት።»

«ታጠጣሻለች?»

«ለዚያም አይደል የመጣሁት።»

«ትልቅ ናት ትንሽ?»

«ክረምት ትልቅ፣ በጋ ትንሽ።»

«ስትከሳ ስትወፍር ማለት ነው። ላም ናት» አለ ጥላዬ መፋቂያውን አውጥቶ። «በተሰረቀች ላም በር እናስገባሻለን።»

ወለላ የሚቀልድባት መስሏት ልትሄድ ዞረች። ጥላዬ ነጠላዋን ያዝ አደረጋት።

«ስሚኝ እንጂ። ሴት ልጁን ያታለሉበት አባት በየትኛው በር የሚገባ ይመስልሻል? በጠፋች ገረድ በር ነው። ልጄን አሳቱብኝ የሚል በር ስለሌለ፣ ቤቴን የምትጠርግ ገረድ ጠፋችብኝ ይላል። መርከቡን ባሕር ላይ የቀሙት ሰው ደግሞ ባሕሩ እዚህ ገበያ መሃል ነው ብሎ ይምላል። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው አገር የሚኖረው።»

«ልምል ነው? በሐሰት?»

«ዳኛው ያውቃል። አስታዋሾቹ ያውቃሉ። ጓንጉልም ያውቃል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሐሰት ሐሰት አይባልም፤ ሥርዓት ይባላል።»

ወለላ የጌሾዋን ቅጠል አሰበች፤ ጫፉ መጠቅለል ጀምሯል። ማለች። ቃሉ ሲወጣ ምላሷ ላይ አሸዋ የቀረ መሰላት።

ዳኛው የራሱ ያልሆነ ሽበት ደፍቶ ገባ። የዚያ አገር ዳኞች ራሳቸው ቢያረጁም ባያረጁም፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ሽበት ሳይደፉ አይፈርዱም።

«የላሟ መልክ?»

ጥላዬ ወለላን በክርኑ ጎሰማት። «ዳ… ዳልቻ ናት ጌታዬ።»

ጓንጉል በሳቅ ፈነዳ። «ላም? ጌታዬ፣ ቀንዷ የታለ? ጭራዋስ?»

በግድግዳው ሥር ከተቀመጡት አስታዋሾች ትልቁ፣ አባ ዘለቀ፣ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «በላም በር በገባ ሙግት፣ ተከሳሽ ላም አይደለችም ብሎ መከራከር አይችልም። አባቶቻችን እንዲህ ፈርደዋል።» ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

«ወሰድሃት ወይስ አልወሰድሃትም?» አለ ዳኛው።

«ውሃ እኮ ነ…»

«ወሰድሃት ወይስ አልወሰድሃትም?»

ጓንጉል አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። ያን ጠዋት ወለላ ጭቃው ላይ ያየቻቸውን ዓሦች መሰለ። ዳኛውም ላሟ ወደ ባለቤቷ ትመለስ ብሎ ፈረደ።

ቦዩ በተደፈነ ቀን ወለላ ከጅረቱ ፊት ፊት እየሮጠች ወረደች። ውሃው ደረቅ ቅጠል እየገፋ፣ በየጉድጓዱ እየቆመና እየሞላ፣ እንደገና እየተነሣ መደቧ ደረሰ። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ነገር ግን አስታዋሾቹ ያስታውሳሉ። አንድ ጊዜ የተፈረደ ለሁሉ የተፈረደ ነውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ወራጅ ውሃ ሁሉ ላም ሆነ። አንዱ ሰው የጅረቱን ዳር በጋለ ብረት ተኩሶ ምልክቱን አደረገበት። ሌላው በክረምት ወንዙ ሞልቶ የጎረቤቱን ማሳ ቢያጠፋ፣ ላምህን ሳትጠብቅ ለቀቅህ ተብሎ ተቀጣ። በበጋ ጅረቱ የደረቀበት አንድ ሰው ደግሞ ቆዳዋ የት ደረሰ ብሎ ጎረቤቱን ከሰሰ። ወለላ ይህን ሁሉ ስትሰማ እየተነሣች ጅረቱን ታይ ነበር። ያው ነው፤ ይወርዳል። ቢሆንም ዓይኗን ከነቀለችበት የሚጠፋ ይመስላት ጀመር።

ጓንጉል ሞኝ አልነበረም። አንድ ዝናብ አልፎ ሌላው ሳይመጣ በዚያው በላም በር ገባ።

«ላም ናት ተብሏል፤ መልካም» አለ፤ አሁን እሱም ነገረ ፈጅ ቀጥሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ተምሯል። «ላም ከየት ትመጣለች? ከእናቷ። ምንጩ ያለው በእኔ መሬት ነው። ስለዚህ እናቲቱ የእኔ ናት። ጥጃ የእናቷን ጌታ ይከተላል። ጥጃዬ ትመለስልኝ።»

አባ ዘለቀ ሁለቱንም ዓይናቸውን ገለጡ። «ጥጃ የእናቷን ጌታ ይከተላል። ይህ ከምናስታውሰው ሁሉ የቆየው ነው።»

ወለላ ወደ ጥላዬ ዞረች። ጥላዬ መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ጓንጉልን በአድናቆት ያያል። «ግሩም ሙግት ነው» አለ።

«አንተን ብሎ ነገረ ፈጅ! ውሃዬን ሊወስዱብኝ ነው!»

«ቆይ፣ ቆይ። በር የሌለው ክፍል አለ።»

ከአዳራሹ ጀርባ የንጉሡ ኅሊና ጠባቂ ይቀመጣል። በድሮው አገር፣ በሮቹ የጠበቧቸው ሰዎች በቀጥታ ንጉሡ እግር ሥር ይወድቁ ነበር። ንጉሡ አደን ይወዳልና ኅሊናውን የሚጠብቅለት አንድ ሰው ሾመ፤ ያዘነውን ሁሉ በእሱ ፈንታ ያዳምጥ ዘንድ። አዲሱ አገር ንጉሥ የለውም። የንጉሡ ኅሊና ጠባቂ ግን አለው። ወለላ ወረፋ ያዘች። ወረፋው ላይ ተወልደው ወረፋው ላይ የተዳሩ ሰዎች አሉ ይባል ነበር፤ እሷ ግን ሰው በቆመበት እየተንጎራደደች፣ አንዱን ስትለምን አንዱን ስትገፋ፣ እንደ ምንም ደረሰች።

ኅሊና ጠባቂው ለስላሳ ዓይን ያለው ሽማግሌ ነው። «ንገሪኝ ልጄ» አላት።

ነገረችው። ላም አላለችም። ስለ ድንጋዮቹ፣ ስለ ዓሦቹ፣ ስለ ጌሾው ቅጠል ነገረችው። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞረ። ለካስ ከእሱም ጀርባ በረድፍ የተቀመጡ አስታዋሾች አሉ።

«ከእኔ በፊት የነበሩት ለእንዲህ ያለ ነገር አዝነዋል?» አላቸው።

«አላዘኑም» አሉ።

«እንግዲያስ እኔም ማዘን አልችልም» አለ እንባውን እየጠረገ። «ደግሞ እዚህ የሚመጣ በንጹሕ እጅ መምጣት አለበት። አንቺ ላም ናት ብለሽ ምለሻል።»

የቀሩት አሥራ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከሳሽና ተከሳሽ ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ ከአገሩ ሰው አሥራ ሁለት ተመርጠው አንድ ቃል ይሰጣሉ። ድሮ አሥራ ሁለቱ የሚመረጡት ነገሩን ስለሚያውቁ ነበር፤ ጎረቤት፣ እማኝ፣ ላሟን በዓይኑ ያየ። እየቆየ ልማዱ ተገለበጠና ነገሩን ስለማያውቁ ይመረጡ ጀመር። ጓንጉልን የሚያውቅ ወጣ። ወለላን የሚያውቅ ወጣ። ጅረቱን አንድ ቀን የተሻገረ ወጣ። የቀሩት አሥራ ሁለት ሰዎች ጥያቄው ተነበበላቸው፦ «በወለላ መደብ የምትሄደው ላም፣ በጓንጉል መሬት የምትተኛው ላም ጥጃ ናት ወይስ አይደለችም?» ከዚያ ተቆለፈባቸው። አንድ ቃል እስኪሆኑ ድረስ ምግብ አይገባላቸውም፤ እሳት አይገባላቸውም፤ ውሃም አይገባላቸውም። አባቶች ቶሎ እንዲስማሙ ያበጁት ዘዴ ነው።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ወለላ አዳራሹን ትዞራለች። ጣሪያው ሥር ካለች ጠባብ መስኮት ድምፃቸው ይወርዳል።

«ግልጽ ነው፣ ጥጃ ናት። ከዚያ አይደል የወጣችው?»

«እናቷን ከተለየች ቆይታለች ነው የምልህ!»

«እናት ካላት ጥጃ ናት፤ እኔም እናት አለችኝ።»

«አንተማ ጥጃ ነህ!»

ሳቁ። ከቀትር በኋላ መሳቁ ቀረ። በማግሥቱ ጠዋት ድምፃቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኖ ነበር፤ ወለላ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ትሰማለች።

«ላሟ… አሁን በዚህ በኩል ብታልፍ።»

«ዝም በል በእናትህ።»

«በዚያ በር ሥር፣ በቀስታ፣ ቀዝቀዝ እንዳለች ብታልፍ።»

«ዝም በል አልሁህ!»

ከዚያ በሩ ከውስጥ ተደበደበ።

ሲወጡ ከንፈራቸው ነጭ ነበር። አውራቸው አንድ ረጅም አናጢ ነው፤ ቋሚውን ደገፍ ብሎ ቆመ።

«ጥጃ ናት ወይስ አይደለችም?» አለ ዳኛው።

«አይደለችም።»

ጓንጉል ብድግ አለ። ዳኛውም ደንግጦ ኖሮ ሊጠየቅ የማይገባውን ጠየቀ። «ታዲያ ምንድን ናት?»

«ውሃ ናት!» አለ አናጢው። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ውሃ ናት፤ ስጡን!»

በላም በር በተገባ ሙግት ያ ቃል በዚያ ቤት ሳይቋረጥ ተሰምቶ አያውቅም። አሥራ ሁለቱን ለምን እንዲህ አላችሁ ብሎ መጠየቅ ደግሞ አይፈቀድም፤ የተናገሩት ተናግረዋል። ወደ ግቢው አወጧቸውና እንስራ ቀረበላቸው። አስታዋሾቹ ግንባር ለግንባር ገጥመው ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ አባ ዘለቀ ተነሡ፤ የሚያስታውሱትንም ለሁልጊዜ እንዲታወስ ጮክ ብለው አሰሙ።

«አሥራ ሁለቱ እንዲህ አሉ፦ ከእናቷ ርቃ ሣር የጋጠች ጥጃ፣ ጥጃነቷ ይቀራል፤ በራሷ ላም ትሆናለች። ላሟ የወለላ ናት።»

ወለላ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሣች። «እንዲህ አላሉም! ውሃ…»

ጥላዬ ነጠላዋን ጎትቶ አስቀመጣት፤ ጆሮዋ ሥር ገብቶ በጥርሱ መሃል ተናገረ። «አንቺ ሴት፣ አሸንፈሻል!»

«ያሉት ግን ሌላ ነው! ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

«ውሃ ነው ካልሽ በላም በር የገባሽው በሐሰት ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ይፈርሳል። ጓንጉል ዛሬውኑ ቦዩን ይከፍታል። የውሃ በር እንደሆነ የለም። ምረጪ።»

«ሴትዮዋ የምትለው አላት?» አለ ዳኛው።

ጓንጉል አንገቱን አስግጎ፣ ዓይኑን አፏ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ከግቢው አሥራ ሁለቱ ሲጎነጩ ይሰማል፤ ጉሮሯቸው፣ ትንፋሻቸው፣ የቅሉ ከእንስራው ጋር መጋጨት። ወለላ የጌሾዋን ሥር አሰበች።

«የለኝም» አለች።

አቧራዋን ሳታራግፍ ወደ መደቧ ተመለሰች። ጅረቱ አለ። ዳር ዳሩን ሄደች፤ ተመለሰች፤ የሽንኩርቱን መስመር ከፈተች፤ ዘጋች። ከላይ ጉብታው ላይ የጓንጉል ሁለት አሽከሮች ቆመዋል። ምንም አያደርጉም፤ ይሰማሉ። ከአፏ አንድ ቃል ካመለጣት ጌታቸው ዘንድ ለመሮጥ የቆሙ መሆናቸው ገባት።

ከመደቡ በታች ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ትኖራለች። ወለላ ሳትወለድ ጀምሮ ከዚያ ጅረት የምትቀዳ ናት። እንስራዋን አዝላ መጣች፤ ከዳር ደርሳ ግን ቆመች። አላጎነበሰችም።

«እንደምን ዋልሽ ወለላ። ልለብ?»

«ምን አልሽ እትዬ ደብሪቱ?»

«ልለብ ወይ ነው ያልሁሽ። ላምሽ ናት። ሳላስፈቅድ ብነካ ሌባ እባላለሁ።»

«እንዴ፣ እትዬ ደብሪቱ! አንቺም?» አለች ወለላ። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ምን እንደሆነ ታውቂ የለም?»

«እኔማ አውቃለሁ። ስትምይ የሰማሁት ግን ሌላ ነው።» አሮጊቷ ወደ ጉብታው አየት አደረገች። «ቶሎ በይኝ እቴ፣ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁ።»

ቅጂ ልትላት ነበር። ቃሉ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። አሽከሮቹ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«እለቢ» አለች ወለላ።

ደብሪቱ አጎንብሳ እንስራዋን አጠለቀች። ሲሞላ አወጣችው፤ ከዚያ አፉን ዘንበል አድርጋ ጥቂት ወደ ጅረቱ መልሳ አፈሰሰች።

«ይቺ ለጥጃዋ» አለች።

ወለላ ሳቀች። ደብሪቱ ግን አልሳቀችም፤ እንስራዋን አዝላ፣ አንድ ትከሻዋን ሳታዘነብል፣ ወደ ቤቷ ወረደች።